ቲቪ ላይ የተከራከሩት ሰዎች ወረቀቱ ላይ የሉም

ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠዋት ምርጫ ጣቢያ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ተራቸው ደርሶ ወረቀቱን ሲቀበሉ አስፈጻሚውን ልጅ ቀስ ብለው ጠየቁት። «ልጄ፣ ይሄኛው ማነው?» ጣታቸው አንድ ስም ላይ ነበር። ልጁ ደንገጥ አለ። «እማማ፣ እኔ መናገር አልችልም፤ እርስዎ ያሻዎትን ነው የሚመርጡት» አላቸው። ልክ ነው፣ አስፈጻሚ እንዲህ ያለ ነገር መናገር የለበትም። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ወደ መከለያው ገቡ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ወረቀቱን ዘርግቼ ሳየው እኔም ከእሳቸው አልሻልም። ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ። ፓርቲዎቹንም አውቃቸዋለሁ፤ ለሳምንታት ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ክርክራቸውን ሰምቻለሁ፣ ማን ስለ ኑሮ ውድነት ምን እንዳለ፣ ማን ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል እንዳለ፣ ማን ጥያቄውን ሸሽቶ ስለ ሌላ ነገር እንዳወራ ልነግራችሁ እችል ነበር። ግን ከምልክቶቹ አጠገብ ከተጻፉት ስሞች አንዱንም አላውቅም። አንዱንም! ድምፄን የምሰጠው ደግሞ በሕጉ መሠረት ለእነዚያ ስሞች ነው።

ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው «ክርክር ይኖራል ወይ?»፣ «እንደ 97ቱ ይሆናል ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ማን ከማን ጋር ነው የሚከራከረው? እኔ የምመርጠው ሰውዬ የታለ?

መጀመሪያ ሥርዓቱን እናስታውስ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፍላለች። ከእያንዳንዱ አንድ ሰው ለተወካዮች ምክር ቤት ይላካል። ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፣ ከግማሽ በላይ ማግኘትም አይጠበቅበትም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን እኛ አንመርጥም፤ የሚመርጡት እነዚያ የላክናቸው ሰዎች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ላይ ተመራጩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችልም ተጽፏል። ስሙን ያላወቅከውን ሰው እንዴት አድርገህ ነው የምታነሳው?

አሁን ወደ 97 ልመለስ፣ ምክንያቱም ስለ ክርክር ስናወራ ሁላችንም የምንመለሰው እዚያ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ የሰቀለቻት ትንሽ ቲቪ አለች። ክርክር ያለ ቀን ውስጡ ሞልቶ በሩ ላይ ሰው ይቆማል፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ መስኮቱን የያዙ አሉ። ሚኒባስ ሹፌሮች መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ይገቡ ነበር። ሻይ ያዘዘ ሰው ማንኪያውን ሲያንኳኳ «እረ ዝም በል!» ይባላል። አንድ የማልረሳው ነገር፣ አንድ ሰውዬ ደብተር ይዞ ይመጣ ነበር። ይጽፋል። ክርክሩ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ገልጦ «እዚህ ጋ ግን አልመለሰም» እያለ ይሞግተናል። ከዚያ በፊት ሰው እንዲህ ጮክ ብሎ ስለ መንግሥት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በእኔ እምነት የ97 ክርክር ትልቁ ሥራው ይሄ ነበር። ባለሥልጣን ፊት ለፊት ሊጠየቅ እንደሚችል ሰው በዓይኑ አየ። በመንግሥት ቲቪና ሬዲዮ፣ በቀጥታ። ከተቃዋሚዎች ልደቱ አያሌው፣ ብርሃኑ ነጋ፣ መረራ ጉዲና፣ በየነ ጴጥሮስ ወዲህ፤ ከገዥው ፓርቲ ከኢሕአዴግ እነ በረከት ስምኦን ወዲያ። ለክርክርና ለቅስቀሳ ከተመደበው የመንግሥት ሚዲያ ሰዓት ከግማሽ በላይ ለተቃዋሚዎች መሰጠቱን ዛሬ ስታስበው ይገርማል።

ይዘትም ነበረው። የመሬትን ጉዳይ ውሰዱ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ኢሕአዴግ ገበሬው መሸጥ ከተፈቀደለት አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ መሬቱን ለባለገንዘብ ሸጦ ከተማ ይፈልሳል ብሎ ይሟገት ነበር። የተቃዋሚዎቹ ወገን ደግሞ መሬቱ የራሱ ያልሆነ ገበሬ እንደ ልቡ ሊመርጥም ሊቃወምም አይችልም፣ ካድሬ እጅ ላይ ነው ይል ነበር። ሁለቱም ክርክር ክብደት አለው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ስለ መሬት ሲወራ ሰው የሁለቱንም ወገን ምክንያት ይዞ ነበር የሚያወራው፤ አያቴ እንኳን፣ ማንበብ የማይችሉት፣ በሬዲዮ የሰሙትን ይዘው አጎቴን ያፋጥጡት ነበር። መራጭ ማሳወቅ ማለት ይሄ ነው። በቁጥርም ታየ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፣ ግንቦት 7 ቀን ከእነሱ ከ80 በመቶ በላዩ ወጥቶ መረጠ። በፊተኛው ምርጫ 12 ወንበር ብቻ የነበራቸው ተቃዋሚዎች በይፋዊው ውጤት እንኳን ከ170 በላይ ሆኑ። አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠች።

ይህን ሁሉ ክርክሩ አመጣው ማለቴ አይደለም። የግል ጋዜጦች ነበሩ፣ ሰልፎች ነበሩ፣ የተጠራቀመ ብሶት ነበር። ክርክሩ ግን ብሶቱን ወደ ጥያቄ ቀየረው።

አሁን ብዙ ሰው የማያነሳውን ላንሳ። በዚያው ዓመት ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። እስኪ የ97 ሰው የሆናችሁ ከ137ቱ ስንቱን በስም ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር ሰው የመረጠው ሁለት ጣት ነበር። ምልክቱን። ከምርጫው በኋላ ነገሩ ሲከር፣ «ፓርላማ እንግባ አንግባ» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ውሳኔው የየተመራጩ ሆነ። አንዳንዱ ገባ፣ አንዳንዱ አልገባም። የአዲስ አበባን አስተዳደርም ሳይረከቡት ቀሩ። መራጩ ያን ጊዜ ነው «ለመሆኑ የእኛ ሰውዬ ማነው? ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው። ረፍዶ ነበር። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። የፓርቲው መሪዎች ታሰሩ። ስለ 97 ክርክር በናፍቆት ስንጽፍ ይሄን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም፣ ልጁን ያጣ ቤት አሁንም አለ።

ከዚያ በኋላ ክርክር ቀረ እንዴ? አልቀረም። በ2002ም በ2007ም ነበር። ግን የአየር ሰዓቱ ሲከፋፈል ፓርቲው የያዘው ወንበርና ያቀረበው ዕጩ ብዛት መቆጠር ጀመረ፤ ብዙ ያለው ብዙ ይናገራል ማለት ነው። ውጤቱ በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱ፣ በ2007 ደግሞ ሁሉም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ። ሰው ክርክሩን ከፍቶ ማየት ቢያቆም አይፈረድበትም። ክርክር ዋጋ የሚኖረው ሥልጣን ላይ ያለው ወገን ሊሸነፍ የሚችል ከሆነ ነው። ካልሆነ ተከራካሪውም ያውቀዋል፣ ተመልካቹም ያውቀዋል።

በ2013 ነገሩ ትንሽ ተነቃቃ። ከአንድ በላይ ጣቢያ ላይ ክርክር ነበር፣ ብልጽግናም ኢዜማም አብንም ሌሎቹም ቀርበዋል። ግን ቁጥሩን አስቡት። ከ40 በላይ ፓርቲ፣ ከ8 ሺህ በላይ ዕጩ። ስቱዲዮ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት ለስድስት ሲካፈል ለአንዱ 20 ደቂቃ አይሞላም፣ መግቢያው፣ ሰላምታው፣ «ጊዜዎ አልቋል» የሚለው ሁሉ ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው። በ20 ደቂቃ የኑሮ ውድነትን ለማስረዳት ስትሞክር የሚወጣው መፈክር ነው።

አወያዩስ? አወያዩ ሰዓት ያዥ ሆኗል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ክርክርን ከውጭ የተማርን ሕዝብ አይደለንም። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ነበራቸው። ሁለት ባላጋራ ሰው በተሰበሰበበት ይቆማል፣ አንዱ «ተጠየቅ» ይላል፣ ሌላው «ልጠየቅ» ይላል። ያቺ ቃል ቀልድ አይደለችም። ልጠየቅ ያለ ሰው መመለስ አለበት፣ ዙሪያውን የቆመውም ሰው መመለስ አለመመለሱን ይፈርዳል። በእርግጥ እዚያም አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እውነት ያለውን ሰው ይረታ ነበር፣ የዛሬውም ክርክር ይሄ ሕመም አለበት። ግን ቢያንስ ጥያቄው እስኪመለስ ይቆያል። የእኛ ስቱዲዮ ውስጥ አንዱ ስለ ሥራ አጥነት ተጠይቆ ስለ አባቶች ጀግንነት ተናግሮ ሲጨርስ አወያዩ «እናመሰግናለን፣ ወደ ቀጣዩ» ይላል። «ጌታዬ፣ የተጠየቁት ሌላ ነው፣ ይመልሱልን» ማለት ማንንም ማዳላት አይደለም፤ ለሁሉም እኩል ከተባለ ፍትሕ ነው።

ስለ ጥናትም ትንሽ ላውራ፣ አንዳንድ ሰው «ክርክር ምንም አይለውጥም» ይላልና። ሁለት ተመራማሪዎች በ10 አገሮች ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተካሄዱ 62 ምርጫዎችንና 56 የቲቪ ክርክሮችን መርምረው ነበር። መራጩ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ሐሳቡን ይወስናል ወይም ይቀይራል፣ ከ17 እስከ 29 በመቶ የሚሆነው። ክርክሮቹ ግን በዚያ ላይ የሚታይ ለውጥ አላመጡም። እነዚያ አገሮች ባብዛኛው ሀብታምና ጋዜጣ የሞላባቸው ናቸው። ተመልካቹ ቲቪውን ሲከፍት ዕጩውን ጠግቦት ነው። ክርክሩ የሚጨምርለት ብዙ የለም።

አሁን ሴራሊዮንን ተመልከቱ። በ2012 እ.ኤ.አ. ምርጫ ተመራማሪዎችና አንድ የሲቪል ድርጅት ሆነው ያደረጉት ነገር ለእኛ ትምህርት ነው። የፕሬዚዳንት ዕጩዎችን ትተው የፓርላማ ዕጩዎችን ያዙ። በ14 የምርጫ ክልሎች የየክልሉን ዕጩዎች አቀራርበው አከራከሩና ቀረጹት። ከዚያ ፊልሙን ይዘው ከ100 በላይ የምርጫ ጣቢያዎች አካባቢ እየዞሩ ማታ ማታ በአደባባይ ለሕዝቡ አሳዩ። ቲቪ ለሌለው፣ ማንበብ ለማይችለው ሰው። ያየው ሰው ስለ ዕጩዎቹና ስለ አቋማቸው ያለው እውቀት ጨመረ። በክርክሩ የተሻለ የነበረው ዕጩ ፊልሙ በታየበት ቦታ ወደ 5 መቶኛ ነጥብ የሚጠጋ ድምፅ ጨመረለት። እኔን ግን ይበልጥ የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ተከራክረው ያሸነፉት ሰዎች ፓርላማ ከገቡ በኋላ የመረጣቸውን ሕዝብ ይበልጥ ይጎበኙ ነበር፣ ለአካባቢያቸው ልማት የተሰጣቸውንም ገንዘብ ተመዝኖ በሚታይ ሥራ ላይ ይበልጥ አዋሉት። ሰው ፊት ቆሞ «እኔ ይሄን እሠራለሁ» ያለ ሰው፣ ፊልሙም ተቀርጾ ያለ ሰው፣ መርሳት ይከብደዋል።

ሁለቱ ጥናቶች አይጋጩም። መረጃ በሞላበት ቦታ ክርክር ጠብታ ነው፣ መረጃ በሌለበት ቦታ ግን ዝናብ ነው። እኛ አገር ደግሞ መረጃው ጨርሶ የሌለው ስለ ብልጽግና ወይ ስለ ኢዜማ አይደለም። ስለ ምርጫ ክልልህ ዕጩ ነው።

«እሺ፣ ተከራካሪው ባይመጣስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ይሄ የማንም አገር ችግር ነው። አሜሪካኖች እንኳን በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን ከተከራከሩ በኋላ ቀጣዩን የፕሬዚዳንት ክርክር ለማየት እስከ 1976 ጠብቀዋል፣ እየመራ ያለ ሰው ለተቀናቃኙ መድረክ መስጠት አይፈልግማ። ጎረቤታችን ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ስምንቱንም የፕሬዚዳንት ዕጩዎች አሰልፋ አከራከረች። በ2017 ኡሁሩ ኬንያታ ቀሩ፤ ራይላ ኦዲንጋ ብቻቸውን ቆመው ጥያቄ መለሱ። በ2022 ደግሞ ራይላ ራሳቸው ቀሩ፣ ብቻቸውን የቆሙት ዊሊያም ሩቶ ሆኑ። ኬንያዎች ያደረጉት ጥሩ ነገር ግን አንደኛው ባይመጣም መድረኩን አለመሰረዛቸው ነው። የመጣው ተጠየቀ። የቀረው መቅረቱ ታየ። እኛ ጋም «አንዱ ስላልመጣ ክርክሩ ቀርቷል» ከማለት ባዶ ወንበሩን ማሳየት ይሻላል።

ሌላው የዘመኑ ነገር ቲክቶክ ነው። የሁለት ሰዓት ክርክር ጠዋት ስልካችን ላይ የ40 ሰከንድ ቁራጭ ሆኖ ይደርሰናል፣ ከበላዩ ሙዚቃ፣ ከሥሩ «አፈር አበላው» የሚል ጽሑፍ። ዋሽንግተን ያለው ዘመድህም ያንኑ ቁራጭ ነው የሚልክልህ፣ እሱ ከውጭ ሆኖ መምረጥ ባይችልም እናቱን ደውሎ ማን ይሻላል ብሎ ይመክራል። ሰውየው ከዚያች ሐረግ በፊት ምን እንዳለ፣ ከእሷ በኋላ ምን እንደጨመረ አይታይም። መድኃኒቱ ቁራጩን መከልከል አይደለም፣ አይቻልምም። ሙሉው ክርክር በየርዕሱ ተከፍሎ፣ በየቋንቋው ተተርጉሞ፣ በቀላሉ እንዲገኝ ማድረግ ነው። አንድ ሰው ስለ ጤና ብቻ መስማት ቢፈልግ ስለ ጤና ያለውን 15 ደቂቃ ማግኘት አለበት። 

የምርጫ ክልል ክርክር ውድ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ውድ ነው? ሬዲዮ አለን። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች አሉ፣ በአካባቢው ቋንቋ ነው የሚያሰራጩት፣ የፌዴራሉ ክርክር ባብዛኛው በአማርኛ በሚካሄድበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የወረዳ አዳራሽ አለ። የዕድር ድንኳንና አግዳሚ አለ። ዕጩዎቹ እዚያው ሰፈር ናቸው፣ አውሮፕላን አይጠይቁም። አንድ ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ወጣት የትም ይገኛል። የመንግሥት ሚዲያ የተለያየ አስተያየት የማስተናገድ ግዴታ እንዳለበት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተጽፏል፣ ምርጫ ቦርድም ለምርጫ ክልል ክርክር የአየር ሰዓት እንዲመደብ ቢገፋፋ ማንም ሊቃወመው አይገባም።

ከባዱ ነገር ገንዘብ አይደለም። ከባዱ ጸጥታው ነው። በ2013 ትግራይ አልመረጠም፣ ሌሎችም ድምፅ ያልሰጡ አካባቢዎች ነበሩ። ዛሬም ዕጩ ሆኖ ከወረዳ ወረዳ መዞር የሚያስፈራባቸው ቦታዎች አሉ። ሰው ተከራክሮ ማታ ቤቱ የማይገባ ከሆነ አይከራከርም፣ ሊከራከርም አይገባም። እንዲያም ሆኖ ሬዲዮ ሰው የማይደርስበት ይደርሳል። ዕጩው የማይገባበት ቀበሌ ድምፁ ሊገባ ይችላል። ተከራካሪው በተናገረው ቃል እንደማይታሰር መንግሥት በግልጽ ቃል መግባትና ቃሉንም መጠበቅ አለበት፤ ይሄ ካልሆነ የቀረው ሁሉ አይሠራም።

እኔ በበኩሌ ምን እንደምጠይቅ አውቄያለሁ። ስለ ዓለም ኢኮኖሚ አልጠይቅም፣ እሱን ትልልቆቹ ቲቪ ላይ ይጨርሱት። የወረዳችን አዳራሽ ውስጥ፣ እዚያች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እነዚያ እናት አጠገቤ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፣ ከዕጩዎቹ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቼ እንዲህ እለዋለሁ፤ «ፓርቲህ የእኛን ሰፈር የሚያፈናቅል ውሳኔ ምክር ቤት ይዞ ቢመጣ፣ እጅህን ታወጣለህ ወይስ አታወጣም?» ካሜራው እየቀረጸ ይመልስልኝ።